ከገለፈት የሚሠራ ካርቦን፤ በግራም ሲነገርና በኩንታል ሲመዘን

ከቡና ገለፈት፣ ከኮኮናት ቅርፊት፣ ከቀርከሃና ከበቆሎ ቆረቆንዳ «የባትሪ ካርቦን» ይወጣል የሚለው ወሬ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ወጥቶ በነጋዴው ዘንድ መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ ባትሪ የሚለው ቃል ከመኪና አስመጪው እስከ ደላላው ድረስ የዕለት ተዕለት ቋንቋ ሆኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ጥሬ ዕቃው የሚጣል ገለፈት፣ ምርቱ በዶላር የሚሸጥ የኤሌክትሮድ ካርቦን» የሚል የፕሮጀክት ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ሐሳቡ ከመሠረቱ ውሸት አይደለም። ከተክል የተሠራ የኤሌክትሮድ ካርቦን በዓለም ገበያ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል፤ ዛሬም ይሸጣል። ችግሩ በፕሮጀክቱ ወረቀት ላይ በደማቁ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ «በግራም 300 ፋራድ»፣ አንዳንዴም «በግራም 400 ፋራድ» የሚል ሲሆን፣ ከጎኑ «በናይትሮጅን የተቀየጠ» የሚል ሐረግ ይከተለዋል። ለመሆኑ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ይህን ቁጥር እንዴት ሊያነበው ይገባል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባንክ ሒሳብና የሱቅ መሳቢያ

ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ዕቃዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ባትሪ ሲሆን ኃይሉን የሚያኖረው በኬሚካዊ ለውጥ ነው። ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ለመቀበልም ሆነ ለመስጠት ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው ሱፐርካፓሲተር ይባላል። ይህኛው ኤሌክትሮላይት በሚባለው ፈሳሽ ውስጥ ያሉትን አዮኖች በካርቦኑ ገጽ ላይ አሰልፎ ከማቆም በቀር ሌላ ሥራ የለበትም።

በንግድ ቋንቋ ባትሪ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ሱፐርካፓሲተር ደግሞ የሱቅ ገንዘብ መሳቢያ። መሳቢያው የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ግን ደንበኛ በመጣ ቁጥር ወዲያው ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል። በገበያ ያለ የሊቲየም ባትሪ በኪሎ ከ150 እስከ 250 ዋት-ሰዓት ሲይዝ፣ ሱፐርካፓሲተር የሚይዘው በኪሎ ከ5 እስከ 10 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። በአንጻሩ ባትሪው ከጥቂት ሺህ ጊዜ ሙሌት በኋላ ሲደክም ሱፐርካፓሲተሩ በመቶ ሺህ የሚቆጠር፣ አንዳንዱም እስከ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ክንፋቸውን በድንገት ለማዞር የሚጠቀሙበት በዚሁ ምክንያት ነው። በሻንጋይ ከተማም ከ2006 ጀምሮ በየፌርማታው ለጥቂት ጊዜ ቆመው እየተሞሉ የሚሄዱ አውቶቡሶች ሠርተውበታል።

በሁለቱም ወገን ካርቦን አለ። ሥራው ግን ፍጹም የተለያየ ነው፤ ፕሮጀክት አቅራቢዎች አብዝተው የሚያምታቱትም እዚህ ላይ ነው። ለሱፐርካፓሲተር የሚፈለገው ካርቦን ቀዳዳው የበዛ መሆን አለበት። አዮን የሚያርፈው በገጹ ላይ ስለሆነ ብዙ ገጽ ማለት ብዙ ቦታ ማለት ነው። ጥሩ ካርቦን በአንድ ግራም ውስጥ 1,600 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ይገኝበታል። ይህም በአዲስ አበባ የቤት ቦታ ቢተመን ባለ 200 ካሬ ስምንት ቦታ በአንድ ቁንጥር ዱቄት ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል እንደማለት ነው። ለባትሪ የሚፈለገው ካርቦን ግን፣ ወደ በኋላ እንደሚታየው፣ ተቃራኒውን ይጠይቃል።

ኮኮናት ለምን አሸነፈ?

ቀዳዳ ካለው ካርቦን ኤሌክትሪክ ማከማቸት አዲስ ግኝት አይደለም። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ቤከር ፓተንቱን ያገኘው በ1957 ነው። የጃፓኑ ኤንኢሲ ዕቃውን «ሱፐርካፓሲተር» ብሎ ሰይሞ ገበያ ላይ ያዋለው ደግሞ በ1978 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ጥሬ ዕቃ ተሞክሯል፤ ገበያውን አጥብቆ የያዘው ግን የኮኮናት ቅርፊት ነው። የጃፓኑ ኩራሬይ የሚሸጠው ዋይፒ-50ኤፍ የሚባለው ዱቄት በዚህ ሙያ ላሉ ሰዎች እንደ መለኪያ የሚታይ ሲሆን፣ የተሠራው ከዚሁ ቅርፊት ነው።

ቅርፊቱ የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። አንደኛ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሲከስል አይፈረካከስም። ሁለተኛ አመዱ ትንሽ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛ የሚፈጠሩት ቀዳዳዎች በጣም ጥቃቅንና ተመሳሳይ ናቸው። አራተኛውና ለነጋዴ ዋነኛው ምክንያት ደግሞ በስሪላንካ፣ በፊሊፒንስ፣ በኢንዶኔዥያና በሕንድ ዓመቱን ሙሉ የሚሰበሰብበት የቆየ የከሰል ንግድ መኖሩ ነው። ቅርፊቱ ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት ገጠር ውስጥ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ ተሰብስቦ ይሸጣል።

የማምረቱ ሂደት ሁለት እሳት አለው። በመጀመሪያው ቅርፊቱ አየር ሳያገኝ ይከስላል፤ ከ10 ኩንታል ቅርፊት 3 ኩንታል ገደማ ከሰል ይወጣል። በሁለተኛው ከሰሉ ከ800 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ላይ በውሃ እንፋሎት ይመታል። እንፋሎቱ ካርቦኑን ከውስጥ እየበላ ቀዳዳ ይከፍታል። የተበላው ካርቦን ጋዝ ሆኖ ስለሚሄድ ከ3 ኩንታል ከሰል የሚቀረው 1 ኩንታል ያህል ነው። «አክቲቬትድ ካርቦን» የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ከ10 ኩንታል ጥሬ ዕቃ 1 ኩንታል ምርት፤ ይህን ቁጥር አንባቢ ለኋላው ስሌት ቢይዘው ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ይህ ካርቦን አብዛኛው የሚሸጠው ለኤሌክትሮድ አይደለም። የመጠጥ ውሃ ለማጣራትና ከማዕድን ማውጫ መፍትሔ ውስጥ ወርቅ ለመልቀም ነው። በ1973 የተቋቋመው የስሪላንካው ሃይካርብ የኖረው በእነዚህ ገበያዎች ሲሆን፣ ለኃይል ማከማቻ የሚሆነውን ንጹሕ ደረጃ የጨመረው በዚያ ላይ ቆሞ ነው። ኤሌክትሮድ የመሰላሉ የላይኛው እርከን እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

«ዶፒንግ» ሲባል

ቃሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚያስታውሰው የአትሌቶችን ጉዳይ ነው። በካርቦን ላይ ሲሆን ግን ነውር የለበትም። በካርቦን አቶሞች መካከል አልፎ አልፎ ሌላ ንጥረ ነገር፣ ማለትም ናይትሮጅን፣ ድኝ፣ ፎስፈረስ ወይም ቦሮን መቀየጥ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ናይትሮጅን ነው።

ጥቅሙ በሦስት ነገር ይገለጻል። በመጀመሪያ ውሃ የማይወደው የካርቦን ገጽ በናይትሮጅን አማካይነት ፈሳሹን በቀላሉ ይቀበላል። ሁለተኛ ናይትሮጅኑ በካርቦኑ መረብ መካከል በትክክል ከገባ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውን ያሻሽላል። ሦስተኛ ናይትሮጅኑ በመረቡ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ አሲድ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ጋር ፈጣን ኬሚካዊ ልውውጥ ያደርጋል፤ ይህም ከገጹ ማከማቻ በላይ ተጨማሪ ማከማቻ ይሆናል። በጥናት ወረቀቶች ላይ 300 እና 400 የሚሉት ቁጥሮች በብዛት የሚመጡት ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

ናይትሮጅኑ ከየት ይመጣል? በቤተ ሙከራ ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው ገበሬው የሚያውቀው ዩሪያ ነው፤ ከክብደቱ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ሌላው መንገድ ከተፈጥሮው ፕሮቲን ያለውን ተክል መጠቀም ነው። ለምሳሌ ያህል የኑግ ፋጉሎ ከክብደቱ ከመቶ 30 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከፕሮቲኑ ደግሞ ከመቶ 16 እጁ ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ ፋጉሎው ወደ 5 በመቶ ናይትሮጅን ይዞ ይገኛል። በወረቀት ላይ «ራሱን በራሱ የቀየጠ ካርቦን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ፋጉሎ ግን የሚጣል ነገር አይደለም። ወተት አምራቹና ከብት አድላቢው ሒሳብ ከፍሎ የሚገዛው መኖ ስለሆነ፣ የካርቦን ፋብሪካ ዋጋ የሚወዳደረው ከላሚቱ ጋር ነው።

ከዚህም ሌላ እሳቱ አለ። ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ናይትሮጅኑ እየተነነ ይወጣል። ሙቀቱ ዝቅ ከተደረገ ናይትሮጅኑ ይቀራል፤ ካርቦኑ ግን ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ሙቀቱ ከፍ ከተደረገ ማስተላለፉ ይሻሻላል፤ ናይትሮጅኑ ግን ይጠፋል። ተመራማሪዎች በየጊዜው አዲስ ወረቀት የሚያወጡበት አንዱ ምክንያት በእነዚህ ሁለት መካከል ያለው ጠባብ መንገድ ነው። መንገዱ ለሳይንስ የሚጠቅም ነው፤ ለባለገንዘቡ ግን ከዚህ በፊት የሚመጣ ስሌት አለ።

ቮልቱ የት ነው?

በ2011 ዩሪ ጎጎትሲና ፓትሪስ ሲሞን የተባሉ ሁለት የታወቁ የመስኩ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ማስጠንቀቂያ ጽፈው ነበር። ፍሬ ነገሩ፣ በካርቦኑ ግራም ብቻ የተነገረ ቁጥር የተሠራውን ዕቃ አያሳይም የሚል ነው። በገበያ ያለ ሱፐርካፓሲተር ሲፈታ ካርቦኑ ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ 30 እጅ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ቀሪው አሉሚኒየም፣ ፈሳሽ፣ መለያ ወረቀትና ቆርቆሮ ነው። ቡና ላኪ ጆንያውን ሳይቀንስ ኩንታል እንደማይቆጥር ሁሉ ይህንንም መቀነስ ግድ ነው።

ሁለት ካርቦኖችን አቅርቦ ማወዳደር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ከገለፈት የተሠራና በናይትሮጅን የተቀየጠ ሲሆን፣ አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ በግራም 300 ፋራድ ተለክቶለታል። ሁለተኛው ምንም ያልተቀየጠ የኮኮናት ካርቦን ነው፤ አሴቶናይትራይል በሚባል ውሃ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ በግራም 100 ፋራድ ብቻ አለው። ላይ ላዩን ሲታይ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ሙሉ ዕቃ ሁለት ኤሌክትሮድ አለው። ሁለቱ በተከታታይ ስለሚያያዙና ክብደቱም እጥፍ ስለሚሆን የአንዱ ኤሌክትሮድ ቁጥር በአራት ይካፈላል። 300 የነበረው 75፣ 100 የነበረው ደግሞ 25 ሆነ። የሚከማቸው ኃይል የሚገኘው ይህን ቁጥር በቮልቱ፣ እንደገናም በቮልቱ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። ውሃ 1.23 ቮልት ሲደርስ መፈራረስ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ዕቃ የሚሠራው በ1 ቮልት አካባቢ ነው። ሁለተኛው እስከ 2.7 ቮልት ይሄዳል። 2.7 በራሱ ሲባዛ ከ7 በላይ ይሆናል። ውጤቱም የመጀመሪያው በካርቦኑ ኪሎ 10 ዋት-ሰዓት ያህል፣ ሁለተኛው 25 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ካርቦኑ የዕቃው ከመቶ 30 እጅ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ የመጀመሪያው በኪሎ ወደ 3፣ ሁለተኛው ወደ 7.6 ዋት-ሰዓት ይወርዳል። በግራም ሦስት እጥፍ ያሸነፈው ካርቦን በተሸጠው ዕቃ ላይ ከግማሽ በታች ሆነ።

«የተቀየጠውንስ በ2.7 ቮልቱ ፈሳሽ ውስጥ ማስገባት አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን በአሲድ ውስጥ ጥቅም የሰጠው ኬሚካዊ ልውውጥ እዚያ የለም፤ ምክንያቱም ልውውጡን የሚያደርገው ሃይድሮጅን የለም። ይባስ ብሎ በካርቦኑ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠሉ ባዕድ ንጥረ ነገሮች፣ በተለይም ኦክስጅን፣ በከፍተኛ ቮልት ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ዕቃው ያብጣል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የንግድ አምራቾች የሚደክሙት እነዚህን ለመጨመር ሳይሆን ለማስወገድ ነው። ጥናቱ ለመጨመር፣ ፋብሪካው ለመቀነስ መሮጣቸው በዚህ ገበያ ውስጥ ካሉት አስገራሚ ነገሮች አንዱ ነው።

ለሚዛናዊነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። አሲድ ሳይሆን እንደ ሶዲየም ሰልፌት ባሉ ለስላሳ ጨዎች ሲሠራ የውሃው ዕቃ 1.6 ቮልት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ተረጋግጧል፤ ውሃ ደግሞ እንደ አሴቶናይትራይል አይቀጣጠልም፣ ርካሽም ነው። በሊቲየም-ሰልፈር ባትሪም ላይ የናይትሮጅን ቅይጥ ድኙ ሟሙቶ እንዳይሸሽ አጥብቆ ይይዛል። በእነዚህ መስኮች ቅይጡ ነገ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ በቶን የሚሸጠው የሱፐርካፓሲተር ካርቦን ያልተቀየጠው ነው።

ሌላ የልኬት ጉዳይም አለ። በቤተ ሙከራ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚቀባው ካርቦን ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በፋብሪካ 10 ሚሊግራም ያህል ይቀባል። ስስ የተቀባ ካርቦን ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል።

ሶዲየም የከፈተው በር

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተክል ካርቦን ዋጋ ያገኘበት ሁለተኛው ገበያ የሶዲየም ባትሪ ነው። እንደሚታወቀው የሊቲየም ባትሪ አሉታዊ ኤሌክትሮድ ግራፋይት ነው። ግራፋይት ግን ሶዲየምን በሚገባ አይቀበልም፤ ንብርብሮቹ አይመቹትም። በ2000 ስቲቨንስና ዳን የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ከግሉኮስ፣ ማለትም ከተራ ስኳር የተሠራ ካርቦን በግራም 300 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ሶዲየም እንደሚይዝ አሳዩ። ለማነጻጸር ያህል የግራፋይት የሊቲየም ጣሪያ 372 ነው። ይህ ዓይነቱ ካርቦን «ሃርድ ካርቦን» ይባላል፤ ምንም ያህል ቢሞቅ ወደ ግራፋይት የማይለወጥ፣ ንብርብሮቹ እንደተበተነ ካርታ የተዘበራረቁ ማለት ነው። ከተክል የሚገኘው ካርቦን ደግሞ በባሕርይው እንዲህ ነው።

ይህም ቢሆን ፍጹም አዲስ አይደለም። ሶኒ በ1991 የሊቲየም-አዮን ባትሪን ለገበያ ካቀረበ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከፉርፉሪል አልኮል የተገኘ ሃርድ ካርቦን ተጠቅሟል። ፉርፉሪል አልኮል ደግሞ የሚወጣው ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከመሳሰሉት የእርሻ ተረፈ ምርቶች ነው። ቆይቶ ግራፋይት አባረረው።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል የተባለው ተቃራኒ ይመጣል። ለሱፐርካፓሲተር የሚፈለገው ሰፊ ገጽ ለባትሪ ጉዳት ነው። ባትሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ፈሳሹ በካርቦኑ ገጽ ላይ ተፈራርሶ ቆዳ ይሠራል፤ ያን ቆዳ ለመሥራት የሚገባው ሶዲየም ተመልሶ አይወጣም። ገጹ በሰፋ ቁጥር በመጀመሪያው ጉዞ የሚበላው «ኮሚሽን» ይበዛል። ስለዚህ ገዢ የሚፈልገው በግራም ከጥቂት ካሬ ሜትር ያልበለጠ ገጽ ያለው፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1,200 እስከ 1,400 ዲግሪ የሞቀ ካርቦን ነው። በዚያ ሙቀት የናይትሮጅን ቅይጥ አብዛኛው ተኖ ያልቃል። «ይህ ካርቦን ለሱፐርካፓሲተርም ለሶዲየም ባትሪም ይሆናል» የሚል ወረቀት የሚያቀርብ ሰው ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ምድጃዎችን በአንድ ዋጋ እየሸጠ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ገበያው ራሱ ደግሞ በሊቲየም ዋጋ ይናጣል። የቻይናው ካትል የመጀመሪያውን የሶዲየም ባትሪ በሐምሌ 2021 ሲያስተዋውቅ ሊቲየም እየናረ ነበር። በኅዳር 2022 የሊቲየም ካርቦኔት በቻይና በቶን 600,000 ዩዋን አካባቢ ደረሰ፤ ሁሉም ወደ ሶዲየም ተመለከተ። በ2024 መግቢያ ያው ቶን ወደ 100,000 ዩዋን ወርዶ ነበር። ሶዲየም የሚገዛው ርካሽ በመሆኑ ነውና ሊቲየም ሲረክስ የመግዣው ምክንያት ግማሹ ይጠፋል። በሌላ በኩል ቻይና ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ለአንዳንድ የግራፋይት ዓይነቶች የኤክስፖርት ፈቃድ እንዲጠየቅ ማድረጓ ከግራፋይት ውጭ ያለ ካርቦን ለሚያቀርብ ሁሉ ተስፋ ሰጥቶ ነበር።

ከእንጨት የሚገኘውን ሊግኒን ወደ ሃርድ ካርቦን የሚለውጠው የስቶራ ኤንሶ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ይህ ትልቅ የደን ውጤቶች ኩባንያ በ2021 ፊንላንድ ውስጥ ሱኒላ በተባለ ቦታ የሙከራ ፋብሪካ ከፈተ። በሐምሌ 2022 ከስዊድኑ ባትሪ አምራች ኖርዝቮልት ጋር «ከእንጨት የተሠራ ባትሪ» ለማምረት ተስማማ። በ2023 ኩባንያው የሱኒላን የፐልፕ ፋብሪካ ዘጋ። በመጋቢት 2025 ኖርዝቮልት በስዊድን ኪሳራ አስታወቀ። ጥሬ ዕቃው ከራሱ ደን፣ ቴክኖሎጂው በእጁ፣ ገዢው ጎረቤት ነበር፤ ገዢው ግን ወደቀ።

ተወዳዳሪም አለ። በቻይና ሂና የተባለው የሶዲየም ባትሪ አምራች የተነሳው በተክል ካርቦን ሳይሆን ከአንትራሳይት፣ ማለትም ከድንጋይ ከሰል በተሠራ ካርቦን ነው። ጥራቱ ከተክሉ ቢያንስም ርካሽ ነው፤ ደግሞም ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ጉድጓድ ይወጣል።

የጀንፈሉ ገለፈት ሲመዘን

አሁን ወደ ቡናው ይመጣል። ደረቅ ጀንፈል ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በቡና መቀሸሪያዎች ግቢ የሚከመረው ክምር ትንሽ አይደለም፤ የካርቦን ጥሬ ዕቃነቱም በብዙ ጥናቶች የተፈተነ ነው። ከኮኮናት የሚለየው በሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው አመዱ ነው። የቡና ገለፈት አመድ ከኮኮናት ቅርፊት ብዙ እጥፍ ሲሆን በተለይ ፖታሽየም ይበዛበታል። (የሩዝ ገለባ ይባስ፤ ከ15 እስከ 20 በመቶው አመድ፣ አመዱም በአብዛኛው ሲሊካ ነው።) ፖታሽየሙ በምድጃ ውስጥ ራሱ ቀዳዳ ስለሚከፍት ለሱፐርካፓሲተር ካርቦን ትንሽ ያግዛል፤ ለሶዲየም ባትሪ ግን ያው ቀዳዳ ጉዳት ነው። በሁለቱም በኩል በመጨረሻ በአሲድ ታጥቦ መውጣት አለበት። መሬት ላይ የደረቀ ጀንፈል ደግሞ አፈር ይዞ ይመጣል፤ አልጋ ላይ የደረቀው ይሻላል። ከመቀሸሪያው ማሽን የሚፋቀው ብረትም አለ። ለኤሌክትሮድ ካርቦን ገዢዎች ብረት ትልቁ ጠላት ነው፤ በሚሊዮን ክፍል ውስጥ ስንት ክፍል እንዳለ ተለክቶ ካልቀረበ ናሙናውን አይከፍቱትም።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ገለፈት ቀላል ስለሆነ የጭነት መኪናው ኩንታሉ ሳይሞላ አፉ ድረስ ይሞላል፤ የትራንስፖርቱ ሒሳብ የሚከፈለው ለአየር ነው። መፍትሔው የኮኮናት አገሮች እንዳደረጉት በየመቀሸሪያው አጠገብ ማክሰል ነው። ያ ደግሞ በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ፈንታ ብዙ ትናንሽ ምድጃዎችንና በየምድጃው ተመሳሳይ ሙቀት የሚጠብቅ ሠራተኛን ይጠይቃል። በዚህ ረገድ ቀርከሃ የተሻለ ይመስላል፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በቻይናም ለሃርድ ካርቦን ይሠራበታል፣ ኢትዮጵያም ሰፊ የቀርከሃ ሽፋን ካላቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ናት። ይሁንና ቀርከሃ ማንም የሚጥለው ተረፈ ምርት ስላልሆነ መቆረጥና መከፈል አለበት።

ሦስተኛው ኬሚካሉ ነው፤ የፕሮጀክት ወረቀቶች አብዝተው የሚዘሉትም ይህን ነው። በጥናት ላይ የሚታየው ትልቅ የገጽ ስፋት በአብዛኛው የሚገኘው በእንፋሎት ሳይሆን በፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ መጠኑም በክብደት ከከሰሉ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይሆናል። 10,000 ኩንታል ጀንፈል ተቀሽሮ 5,000 ኩንታል ገለፈት ተገኘ እንበል። ሩቡ ያህል ከሰል ቢወጣለት 1,250 ኩንታል ነው። ለዚህ ከሰል የሚያስፈልገው ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ከ2,500 እስከ 5,000 ኩንታል ይደርሳል። «ጥሬ ዕቃው በነጻ ነው» የተባለው ፕሮጀክት በውጭ ምንዛሪ የሚገባው ኬሚካል ከምርቱ ብዙ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ኬሚካሉ ከማጠቢያው ውሃ ተመልሶ ካልተያዘ ደግሞ ያን የሚያቃጥል ውሃ የሚቀበል ወንዝ የለም።

ኮኮናቱ የሄደበት የእንፋሎት መንገድ ቢመረጥ ኬሚካሉ ይቀራል። ያኔ 1,250 ኩንታሉ ከሰል በሁለተኛው እሳት ወደ ሲሶው ይወርዳል። ከ5,000 ኩንታል ገለፈት የሚተርፈው 400 ኩንታል ገደማ፣ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና በአንድ ጉዞ የሚጭነው ነው።